ጥጉን አፍርሰሽ ውጪ

ሥራ የጀመርኩት በዒድ ቀን ነው፤ አጋሮ፣ አንድ ቡና ነጋዴ ቤት። አለቃዬ ሐያት ትባላለች፤ ጅማ መርካቶ ውስጥ የድግስ ዲኮር ትሠራ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያየው አዲስ ነገር መጥቶ ነበር፤ ፍራፍሬው፣ ጣፋጩ፣ ዳቦው በአንድ ሰፊ እንጨት ላይ ተደርድሮ እንግዳ ራሱ እያነሳ የሚበላው። እኛ ገበታ እንለዋለን። የሐያት ገበታ ከዋንዛ የተሠራ ነበር፣ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው።

እኔ ረዳት ነበርኩ። የረዳት ሥራ ማጠብ፣ መላጥና ማድረቅ ነው፤ የምትደረድረው ሐያት ናት። መጀመሪያ ማሩና ሀላዋው በትንንሽ ሳህን ይቀመጣል። ቀጥሎ ድፎ ዳቦው፣ ሳምቡሳው፣ ጭኮው፤ ከዚያ ተምሩ፣ ብርቱካኑ፣ አናናሱ። ሙዝና አቮካዶ መጨረሻ ላይ ይቆረጣሉ፤ ሎሚ ካልነካቸው ይጠቁራሉ። ክፍት የቀረውን ኦቾሎኒ ይሞላዋል። ሥጋ አይወጣበትም፣ ሳምቡሳውም የምስር ነው። ጅማ ነው፣ እንግዳው ድብልቅ ነው፤ «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄ ገበታ ላይ እንዲነሳ አንፈልግም።

ያን ቀን ገበታው አማረ፣ ማሻአላህ! ወላሂ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። እንግዶች ገቡ፣ አደነቁ፣ ፎቶ አነሱ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ማንም አልነካውም። የነጋዴው ሚስት ሐጂያ «ተነሱ እንጂ፣ ራሳችሁ አንሱ!» ይላሉ፤ እንግዳው «ጠግበናል፣ አልሀምዱሊላህ» ይላል። የኛን ሰው ታውቁት የለ? ሳይለመን አይበላም። ሰው እያየው ተነስቶ ያልተነካ ነገር ላይ መጀመሪያ እጁን የሚሰድ ማን አለ? ሆዳም ከሚባል ጾሙን ያድራል።

እንግዳው ሲወጣ ሐጂያ ሐያትን ጠሯት። «ለፎቶ ነው እንዴ ያስደረደርኩት? አፈርኩ እኮ!» አሏት። ሐያት አንገቷን ደፋች። ያዳኑን የሐጂያ እናት ናቸው። ሳቅ እያሉ በኦሮምኛ፣ ሙሉ ነገር ሰውን ያስፈራል፣ የተቀመሰ ቢመስል ኖሮ ይበሉ ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐያት ሕግ አወጣች። «ዘሀራ፣ ጥጉን አፍርሰሽ ውጪ» አለችኝ። «ቶሌ፣ እሺ» አልኩ። ደርድረን ስንጨርስ ዳቦውን ከዳር እቆርሳለሁ፤ ጥቂት ተምር በልቼ ፍሬውን ሳህን ላይ እተፋለሁ፤ የብርቱካን ልጣጭ ጣል አደርጋለሁ። ከዚያ በጓሮ በር እንወጣለን። እንግዳ ሲገባ ሰው ቀድሞት የበላ ይመስለዋል፣ ሳይሳቀቅ እጁን ይዘረጋል። ሠራ! ከሊሙ እስከ ሰቃ ስማችን ተጠራ። ሐያት አግብታ አዲስ አበባ ስትገባ ገበታውን ለኔ ተወችው፣ እኔም ደርዳሪ ሆንኩ።

ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ሰው በዓል ሲያከብር እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። ዒድ ሲሆን ሰው ቤት፣ ገና ሲሆን ሰው ቤት። እንግዳው ሊገባ ሲል እናንተ ትወጣላችሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት «ቁጭ በይና ብዪ» ያለችኝ ባለቤት ትዝ አትለኝም። ክፋት አይደለም፣ እንግዳ እየመጣባቸው ነው። የበዓል ምግቤ ያቺው የጥጓ ተምር ነበረች፣ ለዚያውም ቆሜ።

ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤቴ በዓል በመጣ ቁጥር ይቆለፍ ነበር። ባሌ አርፏል፣ አላህ ልጅ አልሰጠኝም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ መጥተው አንኳኩ፤ ከዚያ የያዙትን ሳህን ከበር መለሱ፤ በኋላ ተዉኝ። ምን ያድርጉ?

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሥራውን ተውኩ። የመጀመሪያውን ዒድ ቤቴ ልውል ነው ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትንሽ ገበታ ደረደርኩ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ተቀመጥኩ። ባጃጁ ያልፋል። አዲስ ልብስ የለበሰው ሁሉ ያልፋል። የቀትሩን ዙሁር ሰገድኩ፤ ማንም የለም። ሥራ መተዌን ለማን ነገርኩና? ሰው የለመደው የተዘጋ በር ነው። እጄ ለምዶበት ነው መሰለኝ፣ ዳቦውን ከዳር ቆረስኩ፣ ተምር በላሁ፣ ፍሬውን ሳህን ላይ ተፋሁ። ቤቴ ሰው ውሎበት የሄደ መሰለ።

ቀኑ ሲያዘነብል፣ ከዓስር ሰላት በኋላ አስካለ መጣች፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ክርስቲያን ጎረቤቴ። «እንኳን አደረሰሽ! በርሽን ክፍት ሳየው፣ ብቻዋን ሆና ይሆናል ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አለች። ከዚያ የተቆረሰውን ዳቦና ሳህኑን አየች። «ውይ፣ ለካ ሰው ነበረሽ! ተመስገን። በቃ ደክሞሻል፣ ልሂድ» ብላ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

«አዎ፣ መጥተው ነበር» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኩራት ክፉ ነው። ሴትዮዋ ግን እግሯ ደጃፉ ላይ ነው፤ ከሄደች ለከርሞም አትመጣም።

«አስካለ፣ ማንም አልመጣም» አልኩ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ የተምር ፍሬ የማን ነው?»

«የኔ።»

ጫማዋን አውልቃ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እጇን አልዘረጋችም። ጠበቅኋት።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለች። «ለምኚኝ እንጂ!»

የሰው ገበታ ስደረድር በኖርኩበት ዘመን የልመናዋን ቃል አንድም ቀን ብያት አላውቅም፤ የባለቤት ቃል ናት። ሳህን ሞላሁላትና «ብዪ፣ በሞቴ» አልኩ።

«ጠግቤያለሁ» አለች፣ ወጉ ነውና።

«አፈር ስሆን!» አልኩ። በላች።

መሸትሸት ሲል ሄደች። የቀረውን በላስቲክ ሸፈንኩ፤ አብዛኛው ቀርቶ ነበር።

ለጀማሪዎች የምለው ይህንን ነው። ሰው ቤት ጥጉን አፍርሳችሁ ውጡ፣ ሥራው ነው። በራሳችሁ ቤት ግን ገበታውን ሳትቆርሱ ሙሉውን ተዉት፤ ብቻችሁን ከሆናችሁም ብቻዬን ነኝ በሉ።