ቀይ ጃንጥላ ያለበት ፎልደር

መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠራችው ጸሐፊ ዓይኗ መድከሙን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ካወቁ እንደሚያሰናብቷት አትጠራጠርም። ስለዚህ የኮምፒውተሯን ፎልደሮች ምልክት ቀይራ፣ ቅጥርን በቀይ ጃንጥላ፣ ጡረታን በሰማያዊ ዓሣ ትለያለች። ዛሬ ግን የኮምፒውተር ባለሙያው ሳይታሰብ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ክው አለች። «ሥዕሉን እንጂ ፋይሉን አልነካሁም፤ ስማቸውም እንዳለ ነው።»

«እሱስ ጥሩ አድርገዋል፤ ምንም አልተበላሸም። ግን የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይሁን ተብሏል።»

ሁለት ሦስቴ ሲጫን ሁሉም ቢጫ ሆነው ተደረደሩ። ወዲያው አለቃዋ ብቅ አለና «እስቲ የጡረታውን ክፈችልኝ» አላት።

ጎንበስ ብላ ማውሱን ከአንዱ ቢጫ ወደ ሌላው ወሰደች። «ስሙ አይታየኝም» ማለቷን ያወቀችው፣ ሁለቱም ዞረው ሲያዩዋት ነበር።