ከርከሮ ለማየት ከአሶሳ ድረስ

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ከ«እሺ» እና ከ«አልሀምዱሊላህ» በቀር ቃል አልተነፍስ አለ። ወሬ ወዳድ ሰው ነበር፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ አሶሳ የሰፈረበትን ታሪክ ላገኘው ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ ከነዝርዝሩ ይተርክ ነበር። ዝምታው አስፈራኝ። ተከትሏት እንዳይሄድ ሰጋሁ።

ጎረቤት ምክር አያልቅበትም። «አየር ይቀይር» አሉኝ። እኔም የተማርኩ ልጅ አይደለሁ? የአሶሳን ሙቀት በአፋር ሙቀት ልቀይርለት ወሰንኩ። ሽማግሌውን ቀን ከቀን በአውቶቡስ አድቅቄ፣ የበረሃ ብሔራዊ ፓርክ ላስጎበኘው ወሰድኩት።

ፓርኩ በር ላይ መኪና ከነሹፌሩ ተከራየን፤ ጠመንጃ ያነገተ የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉትም፣ አብሮን ተሳፈረ። በረሃውን ራሱ የፈጠረው ይመስል ነበር። «ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። መጮኽ ክልክል ነው። እንስሳ ማባረር ክልክል ነው» አለ። አባቴ «እሺ» አለ።

ከዚያ እሾህና አቧራ ስንጎበኝ አረፈድን። ቀንዳሙን የበረሃ አውሬ ሳላን እናያለን ስንል ቀድሞ የመጣው ዝንጀሮ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከበቆሎው ሲያባርረው የኖረውን ዝንጀሮ ከፍዬ አሳየሁት። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ» ይባላል፤ ስካውቱ ግን ይመርጣል፣ «ያን ትልቁን ፎቶ አንሱት» ይለናል። አባቴ ፊቱን አዞረ።

በመጨረሻ ሳላዎቹ ተገኙ። ረጅም ቀንዳቸውን ቀስረው ቆመዋል። ስካውቱ ትንፋሻችንን እንድንውጥ በእጁ ምልክት ሰጠን። ይኼኔ ከቁጥቋጦው ሥር ከርከሮዎች ጭራቸውን አቁመው ብቅ አሉ።

እኛ አገር ከርከሮ አይጎበኝም። አንዴ ማሳ ከገባ የዓመት ቀለብ ገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ያየው ሰው አያስብም፣ ይጮኻል። አባቴ በሩን በርግዶ ወረደና ድንጋይ አነሳ።

«ሃይ! ሃይ! ኧረ ገቡ! ኧረ አወደሙን፣ ወላሂ!»

ምኑን እንዳወደሙት እንጃ፤ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ሳላዎቹ ደብዛቸው ጠፋ። ስካውቱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። እኔ ግን ስንት ወር የናፈቀኝን ድምፅ ሰምቼ በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ። አባቴ እየሮጠ አንገቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ተጣራ።

«አንቺ ሴት! በታች በኩል ዝጊባቸው!»

ከርከሮ ብቻውን የሚያባርር ሰው የለም፤ አንዱ ከላይ ይነዳል፣ አንዱ ከታች ይዘጋል። በማሳችን የታችኛው በኩል የእናቴ ነበር።

አባቴ ድንጋዩን እንደጨበጠ ቆመ። ባዶውን ቁልቁለት እያየ ቀረ፤ እኔም ለካ አላለቀስኩላትም ነበር። ስካውቱ «ሰውዬ፣ ተመለስ! ክልክል ነው!» እያለ ሲጮኽብኝ፣ ከመኪናው ወርጄ በታች በኩል ልዘጋ እየሮጥኩ ነበር።