ወንዝ የተሻገረው መሬት

ባለፈው ሳምንት ከሰል ሻጯ ጆንያዋን ስትፈታ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሽታ ወጣና ሆዴ ባባ። እንጅባራ የሠራ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም። ልጅ ነበርኩ ልበልህ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ የገበሬውን መሬት ለክቶ ካርታ ማውጣት። ቢሮው የረጠበ ጋቢ ይሸታል፣ ከመስኮቱ ውጭ ጭጋግና የከሰል ጭስ አይለዩም።

የዳንግላው ባልደረባዬ የለካነውን በአንድ ፕሮግራም ይስልና በፍላሽ አድርጎ ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል። እኔ ደግሞ በሌላ ፕሮግራም ከፍቼ አትማለሁ። ሁለቱም ከኢንተርኔት በነፃ የወረዱ ናቸው። አለቃችን በነፃ የተገኘ ነገር አይታመንም ይል ነበር። እኔም ብትል፣ እንኳን ፕሮግራም ሰውም በቀላሉ አላምን።

ጥርባ አካባቢ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ካርታው ለሕዝብ የተሰቀለ ቀን አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ከፊቱ ቆመው ቀሩ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ሰማያዊዋ መስመር ወንዙ መሆኗን ግን ለዩት። ልጄን እድርበታለሁ ብለው ዲከረንስ የተከሉበት መሬት ከወንዙ ማዶ፣ የጎረቤታቸው ይዞታ ባለበት ቦታ ተቀምጧል። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ መሬቴን ማን ነው ወንዝ ያሻገረው?»

ካርታውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከኋላዬ ጎረቤትየውና ለዚሁ ከዳንግላ የመጣው ባልደረባዬ በአገውኛ አንድ ነገር ተባብለው ሳቁ። እኔ አገውኛ አልሰማም። ሁለቱም የአንድ አገር፣ የአዘና ሰዎች መሆናቸው ያኔ ትዝ አለኝና ተመሳጥረዋል ብዬ ጠረጠርኩ። ባልደረባዬን ለብቻው ወስጄ ጠየቅኩት። እኔ ጋ ልክ ነው፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ነው የተበላሸው አለኝ። ለካ እሱም እኔን ጠርጥሯል።

በማግስቱ አብረን ወደ ዳንግላ ወረድን፤ ሚኒባሱ ውስጥ እኔ ላፕቶፔን፣ እሱ ፍላሹን ይዘን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ኮምፒዩተር ላይ መሬቱ እቦታው ነው። በፍላሽ የላከልኝን በእኔ ላፕቶፕ ስከፍተው ማዶ ነው። አንዱን ካርታ ለማሳየት፣ ሌላውን ለመላክ ይዞ ነው የሚያታልለኝ ብዬ ነበር። እንደገና ገልብጥልኝ አልኩና እጁን አየሁ። አንድ ካርታ ማለት ስማቸው አንድ የሆነ፣ አብረው መሄድ ያለባቸው ብዙ ፋይሎች ናቸው። እሱ ገልብጦ ሲያበቃ ከፍላሹ ላይ አንዷን ትንሽ ፋይል ነጥሎ አጠፋት።

«ምን አጠፋህ?»

«ቫይረስ ነዋ። ስነካት አትከፈትም።»

ያን ጊዜ ፍላሻችንን ሁሉ ቫይረስ ጨርሶት ነበር፤ የማያውቁትን ፋይል ማጥፋት እንደ ንጽሕና ይቆጠር ነበር። ያጠፋት ፋይል ግን ካርታው በየትኛው ልኬት፣ ከየት ተነስቶ እንደተሳለ የምትናገረዋን ነበር። የእኔው ፕሮግራም እሷን ሲያጣ በድሮው ካርታ ልኬት ገምቶ፣ ወንዙ ባለበት ሲቀር የሁሉንም መሬት እኩል ገፍቶታል። በምን እንደሳቁ የጠየቅኩት ያኔ ነው። ጎረቤትየው «የእኔማ ሐይቅ ገብቷል» ብሎት ኖሯል። አገውኛ ብሰማ ኖሮ የተገፋው የእማማ መሬት ብቻ አለመሆኑን እዚያው አውቅ ነበር።

አዲሱ ካርታ ተሰቀለ። እማማ ግን አላመኑም፤ አንዴ የሄደ መሬት ነገም ይሄዳል አሉ። በየገበያው ቀን ቢሮ ይመጡና ከኋላዬ ቆመው ክፈቺልኝ ይሉኛል። «አለ?» «አለ፣ እማማ።» ወንዙን በጣታቸው ይከተሉና ይሄዳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓይናቸው ስክሪኑን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው። በኋላ በኋላ ድንች ያመጡልኝ ጀመር።

ከዚያ ተዛወርኩ። አንድ ቀን ባልደረባዬ ደወለ፤ በቦታዬ እንጅባራ የገባው እሱ ነበር። እማማ መጥተው ቢከፍትላቸውም፣ እሷ ካላለች አላምንም ብለው ተቀምጠዋል። ስልኩን ሰጣቸው።

«ልጄ፣ አለ?»

ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ኮምፒዩተርም፣ ካርታም፣ ወንዝም የለም።

«አለ፣ እማማ።»

«በይ እንግዲህ፣ ልሂድ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም።