መስቀል ሊሳለም ኳስ ያስያዘው ደሴ

«አንዴ ያዝልኝማ!» ብሎ ኳሳችንን ለተጋጣሚ ሰጠ። ዛሬ፣ ዓይኔ እያየ!

ሉማሜ ሜዳ ላይ ያንን በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካኖች ኳስ እየተጫወትን ነው። ያሸነፈ እንቁላል መሳይዋን ኳስ ይወስዳል፤ ሌላ የለችም።

ሩቅ መወርወር ስለማንችል የተለማመድነው አጭር ቅብብል ነው፤ ቶሎ ወርውር፣ ቶሎ ቅለብ፣ ሩጥ።

ወረወርኩ። ጓደኛዬ ደሴ ቀለባት። መስመሩን ካለፈ አሸነፍን።

ይኼኔ አንድ ቄስ በሜዳው ዳር ብቅ አሉ። ደሴ ሆዬ ኳሷን አጠገቡ ላለው ተጋጣሚ አስይዞ መስቀል ሊሳለም ሄደ!

ልጁ ይዟት እስከ እኛ መስመር በረረ። አለቀ።

«ምን ነካህ አንተ?» ብዬ ስጮህበት፣ «ታዲያ ኳስ ታቅፌ ልሳለም?» አይለኝም!

እሱስ ይጽደቅ፤ እኛ ምን በወጣን?

እንዲህ ያለ ጻድቅ ቡድናችሁ ውስጥ ያላችሁ እስኪ ንገሩኝ። አምጡትና ከደሴ ጋር እናጋጥመው፤ ኳስ ግን ይዛችሁ ኑ።