ጆሮዬን ደፍኜ የተጫወትኩት ጊታር

ፍኖተ ሰላም ሳስተምር የተከራየሁት ክፍል ከአከራዬ ሳሎን ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በዚያ ግድግዳ በኩል ሲያስሉ፣ ሲጸልዩ፣ ዶሮ ሲያባርሩ እሰማቸዋለሁ። እሳቸውም የእኔን እንደሚሰሙ ግን አስቤው አላውቅም። ሰው ሲመቸው ብዙ ነገር አያስብም።

ጊታሩን ከአዲስ አበባ የላከልኝ ወንድሜ ነው። ሆዱ ክፍት የእንጨት ጊታር ነው፤ እንዲሁ ቢመቱትም ይጮኻል። ግን ጎኑ ላይ ትንንሽ ቁልፎች፣ ታቹ ላይ የገመድ መሰኪያ አለው፤ ከማጉያ ጋር ሲያገናኙት የኤሌክትሪክ ጊታር ይሆናል። እኔ የተማርኩት ደግሞ ቡሬ፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ሆዱ ድፍን በሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። በዚያኛው የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን ስንጫወት አጠገባችን የተኛ ሰው እንኳ አይነቃም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባሕር ዳር አንድ የሙዚቃ ቡድን ጊታር ተጫዋች በፈተና ሊቀጥር መሆኑን ሰማሁ። ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጠመኔ ከሰለቸኝ ቆይቷል፤ ይህ ካመለጠኝ እዚያው ሰሌዳ ሥር የማረጅ መሰለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ አራት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢያችን ገቡ። መርዶ ነው። የአከራዬ ልጅ፣ ወታደር የነበረው፣ ሰሜን ግንባር ሞቷል። የእናትየዋ ጩኸት ግድግዳውን አልፎ መጥቶ ደረቴን መታኝ። እናቴ የጮኸች ያህል ነው የተሰማኝ፤ ውሸት አይደለም።

ጎረቤት ሲያዝን ሬዲዮ እንኳ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ስለዚህ እንደ ወጉ አደረግሁ፤ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ከሐዘንተኛ መካከል ተቀመጥኩ። ፈተናው ግን ከልቤ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬን ቆለፍኩ፣ ገመዱን ወንድሜ አብሮ ከላከው ማጉያ ላይ ሰካሁ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩ። «እንደ ቡሬው ጊታር ድምፁ በሽቦው ገብቶ ለእኔ ብቻ ይመጣል» አልኩ። ለጥንቃቄ ብዬ የጊታሩ ሆድ ውስጥ ፎጣ ጠቀጠቅሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ፤ የምጫወተውም የሰርግ ዘፈን ነበር፤ ለፈተናው የተጠየቀው እሱ ነውና።

ልቤ ግን አላረፈም። ወደ ሐዘን ቤቱ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሴቶቹ ቦታ ይለቁልኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወደ ምድር እያዩ፣ «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» አሉ። ማን ምን ሰረቀ ብዬ አሰብኩ። ግን ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩና ያንኑ ማዳመጫ አጠለቅሁ።

ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ማዳመጫው ጭጭ አለ። ጣቶቼ ግን በልማድ መምታታቸውን ቀጠሉ፤ ያኔ ዘፈኑ ከጆሮዬ ውጪ ሲመጣ ሰማሁት። ማዳመጫውን አወለቅሁ። ፎጣው ድምፁን ምንም አልያዘውም። ክሮቹ ጥርት ብለው ክፍሉን ሞልተውታል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ለቅሶ የለም፣ ንግግር የለም። ቤት ሙሉ ሰው ዝም ብሎ እኔን እየሰማ ነው።

ለካ ጆሮው የተደፈነው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስምንት ቀን ሙሉ ልጃቸው የሞተባቸውን እናት በሰርግ ዘፈን ሳስለቅስ ከርሜያለሁ። ባሕር ዳር በዚያች ደቂቃ ከልቤ ወጣ። ቦርሳዬን ይዤ በጓሮ ልጠፋ አሰብኩ፤ በእውነት አሰብኩ። ከዚያ ያገሩ ሰው የሚያደርገው ትዝ አለኝ። ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሣሁ፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ሳሎኑ ደጃፍ ተንበረከክሁ።

«አጥፍቻለሁ። የሚሰማ አልመሰለኝም። ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ» አልኩ።

 ድንጋዩ እየከበደኝ ሄደ። አንዱ ከጥግ «ይቆይ፤ ይሸከም!» አለ።

አከራዬ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። ፊታቸው በእንባ አብጧል።

«ሰንበት ቀን ነበር የሞተው አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መርዶው እኔ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ወር ፈጀ። ያን ሰንበት እኔ ማንኩሳ ነበርሁ፣ ከእህቴ ልጅ ሰርግ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል ስል ዋልሁ። ልጄ ሲወድቅ እናቱ እልል ትላለች! አንተስ አላወቅህም፤ የሰው ልጅ ነህ። እኔንሳ፣ እናቱን፣ ማን ድንጋይ ያሸክመኝ?»

ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። አከራዬ ድንጋዩን እንዳወርድ በእጃቸው አሳዩኝ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም።