ሲጠራ የማይመጣ ውሻ

ያን ውሻ ባሰብኩ ቁጥር የምናደደው በራሴ ነው። ከራሴ የተረፈውን ንዴት ለእነማን እንደማካፍለው አውቃለሁ፤ ግን ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩት አርጅተው የሚያሳዝኑ ሆነዋል። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ሰሞን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከሞጣ ቢቸና ተመድቤ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት የአንድ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነበረች። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። ቡችላውን የሰጡኝ ከሰዓት በኋላ ፊደል የማስቆጥራቸው አንድ ገበሬ ናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው አምጥተው፣ «ብቻዋን ለምትኖር ሴት የሚጮህላት ያስፈልጋታል» አሉኝ። እጄ ላይ ሲያስቀምጡት አፍንጫው እርጥብ ነበር፤ ወዲያው አውራ ጣቴን መጥባት ጀመረ። ውሻ አሳድጌ አላውቅም። አባቴ ግቢ ውስጥ ውሻ አያስደርሱም ነበር።

የኔታ አልከለከሉኝም። «አሳድጊው። ብቻ ልብሴን እንዳይነካብኝ፤ ማሕሌት የምቆምበት ነው» አሉ። በየቀኑ ምሳቸውን ሲጨርሱ ትንሽ ቂጣ ይቆርሱና አጥሩ ሥር ያለች ድንጋይ ላይ አኑረው «ኩቲ» ይሉታል። እሱ እየተንከባለለ ሲመጣ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ይላሉ። አንድም ቀን አልዳሰሱትም፣ አንድም ቀን አልመቱትም። እኔ ግን ውሻ የማሳደግ ሥራ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚሠራም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የማውቀው ምን ነበር? እሁድ እሁድ የመምህራን ስብሰባ አለ። ሰብሳቢው ስም ይጠራል፤ የተጠራው ተነሥቶ ፊት ይቆማል፣ ጥፋቱ ይነበብለታል፣ ከዚያ ግለ ሂስ ያደርጋል። ጥፋት የሌለበትም ያደርጋል፤ ዝም ማለት ራሱ ጥፋት ነውና። ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። አንዱን ጊዜ የአብዮቱ መዝሙር ሲዘመር አፌን አልከፈትኩም ተብዬ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ግን «ንቃቴ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው» ብዬ አመንኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ያንኑ ለአንድ የአራት ወር ቡችላ አስተማርኩ ብል ማን ያምነኛል? ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱ ጫማዬ ታኝኮ አገኛለሁ። ታኝኮ የቆየ፣ ምራቁ ሁሉ የደረቀ። ውሻው ግቢው ጫፍ ፀሐይ ላይ ተኝቷል፤ ምን እንዳደረገ ረስቶታል። በራፌ ላይ ቆሜ «ና» እለዋለሁ። ከወገቡ በታች ሁለመናው እየተወዛወዘ በደስታ ይመጣል። ጫማውን አፍንጫው ላይ እደቅንና «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ያደረገው?» እለዋለሁ፤ ከክፍል ይዤው በመጣሁት አርጩሜ እሸነቁጠዋለሁ። ሲጮህ ይቅርታ የጠየቀ ይመስለኝ ነበር።

የትምህርት ማስታወሻዬን የቀደደ ቀንም ጠርቼ መታሁት። የጎረቤት ዶሮ ያባረረ ቀንም ጠርቼ መታሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስጠራው ከመሮጥ ይልቅ በሆዱ እየተሳበ መምጣት ጀመረ፤ ጆሮው ተለጥፎ፣ ዓይኑ ሌላ ሌላ እያየ። አንድ ቀን እግሬ ሥር ደርሶ ሽንቱን ለቀቀ። ለዚያም መታሁት። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ይሄ ውሻ እኮ ጥፋቱን ያውቃል፤ ሳልናገረው አንገቱን ይደፋል» እያልኩ በኩራት አወራ ነበር። ጥፋቱን ሳይሆን እኔን ነበር ያወቀው። ይሄን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው።

ከዚያ ከተማው ውስጥ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ። በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ያልታሰረ ውሻ ሁሉ መርዝ ይበላል። እኔም ከገበያ የቃጫ ገመድ ገዝቼ ገባሁ። ጠዋት ላስረው ስነሣ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ውሻው መንገድ ላይ ወጥቷል። ከመንገዱ ታች ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ይመጣሉ፤ አንደኛው ሥጋ የያዘ ጣሳ አንጠልጥሏል።

«ና» አልኩት። ቆመና አየኝ። እጄ ላይ ገመዱን አየ። አንድ እርምጃ ስጠጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ወደ ጥበቃዎቹ በኩል።

«ና! ና እንጂ አንተ!»

ድምፄ በጨመረ ቁጥር ይርቃል። ተለማመጥኩት፤ እንደዚያ ተለማምጬው ስለማላውቅ ድምፁ ለእሱም ለእኔም እንግዳ ነበር። ጥበቃውን «የእኔ ነው፣ እባክህ ታገስ» አልኩት። «ያንቺ ከሆነ ጥሪውና እሰሪው» አለኝ። ትክክል ነበር፤ አሁን ድረስ የሚያናድደኝ ትክክል መሆኑ ነው። ከጣሳው አንድ ቁራጭ አውጥቶ ወረወረ። ሥጋው ከውሻው ሦስት አራት ክንድ ርቀት ላይ አረፈ፤ አፍንጫውን ወደዚያ አዞረ።

የኔታ ከቅዳሴ እየተመለሱ ነበር። ነጭ በነጭ ለብሰው ከላይ በኩል መጡ፣ ሥጋውንም እኔንም አዩ። መንገዱ መካከል ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉና እንደ ምሳ ሰዓቱ ለስለስ ባለ ድምፅ «ኩቲ» አሉ።

ሥጋውን ትቶ ሮጠ። ነጠላቸውን ለመሰብሰብ አልሞከሩም። ጭቃ እግሩን ደረታቸው ላይ ጭኖ አገጫቸውን ሲልሳቸው በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«ልብስዎ፣ የኔታ» አልኩ።

«ልብስ ይታጠባል። ገመዱን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። አንገቱ ላይ ያሰሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ስጠጋ ብብታቸው ውስጥ እየተደበቀ አስቸገረ። ተናደድኩ። በጥበቃው፣ በሰብሳቢው፣ ጉንፋን ይዞኛል ማለት አቅቶኝ ባመንኩበት ቀን፣ ደግሞም በየኔታ፤ አንድም ቀን ሳይዳስሱት ይሄን ሁሉ በማግኘታቸው። ጫማዬን ያስበላሁት፣ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጥበቃው ሥጋውን ከመሬት አንሥቶ ጣሳው ውስጥ መለሰ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ የታሰሩትን ከነባለቤታቸው መመዝገብ ነበረበት።

«እንግዲህ የማን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

የኔታ ወደ እኔ አዩ። ውሻው አላየኝም።

«የእሳቸው ነው» አልኩ።

የኔታ አላስተባበሉም።