መጀመሪያ ጸልይለት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትሮስተሩድ ሰፈር አጎቴ ቤት እየሄድኩ የሳምንቱን ዜና ወደ አማርኛ እየመለስኩ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የምንኖርበትን አገር ቋንቋ፣ ኖርዌጂያንን፣ ያለ አስተማሪ፣ ከጋዜጣ ነው የተማርኩት፤ እዚህ ካለነው ካቶሊኮች ዜና በመተንተን የሚስተካከለኝ የለም። እሳቸው ግን አያስጨርሱኝም ነበር። አንድ ቀን ጦርነት የሚያራግብ ባለሥልጣን ለመስደብ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ጸልየህለታል?»

«ለዚህ? አጎቴ፣ ሕፃናት የሚያስፈጅ ሰው እኮ ነው።»

«ጠላታችሁን ውደዱ የተባለውማ ለእንዲህ ያለው ነው፤ እኔንማ ማንም ይወደኛል። አንድ አባታችን ሆይ በልለት። ከዚያ ስድቡ ካልጠፋብህ ስደበው፤ እኔም አግዝሃለሁ።»

አባታችን ሆይ አልኩለት። ስጨርስ ሾርባው ቀርቦ ነበርና ሰውዬው ሳይሰደብ ቀረ።

ባለፈው ወር ቀበርናቸው። እዚሁ ከተማ ስቶቭነር ሰፈር የሚኖረው ልጃቸው፣ እሳቸው ታመው በተኙበት ጊዜ ሁሉ፣ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላያቸውም። በቀብሩ ዕለት ግን ሰው ፊት ቆሞ «አባዬ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር» እያለ ንግግር አደረገ።

በአጎቴ ሕግ መሠረት ጸለይኩለት። ደግሜም ጸለይኩለት። ስድቡ አልጠፋብኝም፤ የጠፉብኝ አግዝሃለሁ ያሉኝ ሰው ናቸው።